ወርቅ ፍለጋ በፈርዖን ቤተ መቅደስ

ጋሽ መኮንን፦ ሮም ውስጥ ፒያሳ ናቮና በሚባለው አደባባይ፣ በርኒኒ በሠራው የውኃ ምንጭ አናት ላይ፣ ሂየሮግሊፍ የተባለው የጥንት ግብጽ ጽሕፈት የተቀረጸበት ረጅም ሐውልት ቆሟል። ተሰባብሮ ከወደቀበት አንሥተው እዚያ ያቆሙት በ1649 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 10ኛ ናቸው፤ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጽሑፉን የመፍታቱ ሥራ የወደቀው አታናሲዩስ ኪርኸር በተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ላይ ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት በቋንቋ ብዛት የሚስተካከሉት ጥቂቶች ናቸው። ኪርኸር በ1650 ስለዚህ አንድ ሐውልት ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። እያንዳንዱ ወፍና እባብ ስለ መለኮት ባሕርይ፣ ከላይኛው ዓለም ወደ ታችኛው ስለሚፈሰው ኃይል የሚናገር ጥልቅ ትምህርት ሆኖ ተፈታ። ዛሬ ያ ጽሑፍ ይነበባል። የሚናገረው ስለ ዶሚጢያኖስ ነው፤ በ1ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሮምን ስለ ገዛው ቄሣር። ቄሣሩ ሐውልቱን አስቀርጾ በፈርዖኖች ማዕረግ ራሱን አስወድሶበታል። ኪርኸር ከሙሴ ዘመን የሚቀድም ምስጢር አገኘሁ ብሎ የተረጎመው የአንድ ሮማዊ ንጉሥ የማዕረግ ዝርዝር ነበር።

ሰሎሜ፦ ጋሼ፣ በሞተ ሰው ስሕተት መሳቅ ቀላል ነው። ኪርኸር ያንን ሲጽፍ ሂየሮግሊፍ ማንበብ የሚችል ሰው ከምድር ላይ ከጠፋ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ፊደሉን የሚያስተምረው ሰው ያጣ ሊቅ ቢገምት ምን ይፈረድበታል? ደግሞ ስለ እርሱ ሲወራ የሚዘለል ነገር አለ። የቅብጥን ቋንቋ በ1636 እና በ1643 ባወጣቸው መጻሕፍት ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ቅብጥ ማለት በግሪክ ፊደል የተጻፈ የፈርዖኖቹ ቋንቋ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ሂየሮግሊፍን የፈታው ሻምፖልዮንም በ1822 የንባቡን መንገድ ያገኘው ቅብጥን ጠንቅቆ ስለ ተማረ ነው። እንግዲህ የሳተውና ያቀናው በአንድ መስመር የተከታተሉ ሰዎች ናቸው። አለማወቅ ነበር፣ ዕውቀት መጣ፣ ቀና። ከዚህ ወዲያ የሚያነጋግረው ምኑ ነው?

ጋሽ መኮንን፦ የሚያነጋግረው አለመቅናቱ ነው። አለማወቅ ብቻ ቢሆን ዕውቀት በመጣ ጊዜ በጠፋ ነበር። እስቲ ነገሩን ከመነሻው ተከተዪው። በ1419 ሆራፖሎ የተባለ ጸሐፊ ስለ ሂየሮግሊፍ የጻፈው የግሪክኛ መጽሐፍ አንድሮስ ከምትባል ደሴት ተገኝቶ ፍሎረንስ ገባ። በ1460 ገደማ ደግሞ ሄርሜስ ትሪስሜጊስቶስ፣ ማለት ሦስት ጊዜ ታላቅ የተባለው ግብጻዊ ጠቢብ ደረሳቸው የተባሉ ድርሳናት ወደ ፍሎረንሱ መሪ ወደ ኮሲሞ ደ ሜዲቺ እጅ መጡ። ኮሲሞ ሊሞት የተቃረበ ሽማግሌ ነበር፤ ማርሲሊዮ ፊቺኖን የፕላቶንን ትርጉም አቆይና መጀመሪያ ይህን አድርስልኝ አለው። ትርጉሙ በ1463 ተፈጸመ፣ በ1471 ታተመ። በሲዬና ካቴድራል ወለል ላይ የሄርሜስ ምስል በእብነ በረድ ሲነጠፍ ገና 1488 ነው። በ1614 ኢሳቅ ካዞቦን የተባለ የግሪክኛ ሊቅ የድርሳናቱን ቋንቋ መርምሮ ከክርስቶስ ልደት ወዲህ የተጻፉ ናቸው ብሎ አሳየ። ማን ሰማው? ኪርኸር ዋና መጽሐፉን ያወጣው ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ሄርሜስም በቦታው ነበር። በ1731 በግብጽ ቤተ መቅደስ ስለሚፈተን ልዑል የተጻፈ የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ወጣ፤ ከዚያ የተቀዳ መንፈስ በ1791 የሞዛርት ኦፔራ ውስጥ ገብቶ የግብጽ አማልክት ኢሲስና ኦሲሪስ በቪየና መድረክ ተለመኑ። በ1781 ኩር ደ ጀብላን የተባለ ፈረንሳዊ የጣሊያኖችን የ15ኛ መቶ ዘመን የካርታ ጨዋታ፣ ታሮትን፣ ቶት የተባለው አምላክ መጽሐፍ ነው አለ።

እንግዲህ 1822 መጣ፣ ጽሑፉ ተነበበ። በ1877 ብላቫትስኪ የተባለች ጸሐፊ ኢሲስን ገለጥኳት የሚል ርዕስ ያለው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ኒው ዮርክ ላይ ስታሳትም፣ ንባቡ ከተገኘ 55 ዓመት አልፏል። በ1922 የቱታንክሃሙን መቃብር ሲገኝና የቁፋሮው ገንዘብ ሰጪ ሎርድ ካርናርቮን በሚያዝያ 1923 የትንኝ ንክሻ አመርቅዞበት ሲሞት፣ ጋዜጣው የጻፈው የፈርዖንን እርግማን ነው። መቃብሩን የከፈተው ካርተር እስከ 1939 ኖሯል። የአሜሪካን ዶላር ዓይንና ፒራሚድ የሆረስ ምልክት ነው የሚለውንም ጨምሪበት። ማኅተሙ የተነደፈው በ1782 ነው፣ ዶላሩ ላይ የወጣው በ1935፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ዓይን ደግሞ በአውሮፓ ክርስቲያናዊ ሥዕል የእግዚአብሔር ጠባቂነት ምልክት ሆኖ የቆየ ነው። ሰሎሜ፣ ይህ አለማወቅ አይደለም። አስቀድሞ የተወሰነ የማንበብ ልማድ ነው። እኛ ቅኔ የለመድን ሰዎች ልማዱን እናውቀዋለን፤ ሰሙን ስንሰማ ጆሯችን ወርቁን ይፈልጋል። አውሮፓ የግብጽን ሃይማኖት የሰማችው እንደ ቅኔ ነው። የጭልፊት ራስ ያለው አምላክ፣ የሚታጠነው ምስል፣ የታሸገው ሬሳ ሰም ነው፤ ከሥሩ ለጥቂቶች ብቻ የሚገለጥ ወርቅ አለ ብላ። ቅኔ ያልሆነውን እንደ ቅኔ የሚሰማ ሰው ደግሞ ወርቅ አያጣም፣ ከራሱ ኪስ ያወጣለታልና።

ሰሎሜ፦ ቅኔ አይደለም ካሉ ምን እንደ ነበረ ይናገሩ። ወርቅ የለም ማለት ሰሙ ምን እንደሆነ አይነግረኝም።

ጋሽ መኮንን፦ ሥራ ነበር። በየዕለቱ የሚሠራ፣ ካልተሠራ ዓለም የሚናጋበት ሥራ። ካርናክን የመሰለ ታላቅ ቤተ መቅደስ ውስጥ ጎሕ ሲቀድ ካህኑ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል፣ የማደሪያውን በር የጭቃ ማኅተም ይሰብራል፣ በምስሉ ፊት ይሰግዳል፣ ያጥናል፣ ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ቅባት ይቀባል፣ ማዕድ ያቀርባል። ማዕዱ አምላኩ ከረካበት በኋላ ለካህናቱ ይመለሳል፤ ቀለባቸው እርሱ ነው። ሲወጣ የእግሩን ዱካ በመጥረጊያ እየጠረገ ነው። ካህኑ ይህን የሚያደርገው በንጉሡ ስም ነው፤ በግድግዳው ላይ የሚሣለው ንጉሡ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ካህናት ደግሞ በአራት ምድብ ተከፍለው አንድ ወር አገልግለው ሦስት ወር ወደ ቤታቸውና ወደ እርሻቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። በዚህ ውስጥ ዕድሜ ልክ በዋሻ የሚሰለጥን የምስጢር ማኅበር የት ይገባል? የሙታን መጽሐፍ የምንለውንም ተመልከቺ። ስሙን ያወጣለት በ1842 ያሳተመው ጀርመናዊ ሌፕሲየስ ነው። አቅሙ ያለው ሰው ጥቅልሉን ይገዛው ነበር፤ ተዘጋጅቶ የሚቆይ ስለሆነ የሟቹ ስም የሚገባበት ቦታ ክፍት ይተዋል። 125ኛው ክፍል ላይ ሟቹ በ42 ዳኞች ፊት ቆሞ ልቡ የእውነትና የፍትሕ እመቤት ከሆነችው ከማዓት ላባ ጋር ይመዘናል። የሚክደው ምንድን ነው? አልገደልኩም፣ ሚዛን አላዛባሁም፣ የሚሄድ ውኃ አልገደብኩም፣ ከአማልክት መባ አልነካሁም ነው የሚለው። ምን እንዳመነ፣ ምን ምስጢር እንዳወቀ የሚጠይቀው ዋናው ፍርድ ውስጥ የለም።

ስለ አክናተን ያለውም ማስረጃ ወደዚሁ ነው የሚያመለክተው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዘመን አንድ የፀሐይ ክበብ ብቻ ይመለክ ብሎ የተነሣ ንጉሥ ነው። ግብጽ ውስጥ ትምህርት ይዞ የመጣ ሰው ካለ እርሱ ነው። እርሱ ሲሞት ቱታንክሃሙን ያስቆመው የድንጋይ ጽሑፍ ስለ ምን ያማርራል? ስለ ትምህርቱ ስሕተት አይከራከርም። ቤተ መቅደሶች ከኤሌፋንታይን እስከ ደልታው ረግረግ ድረስ ፈርሰው ሣር በቅሎባቸዋል፣ አማልክት ፊታቸውን አዙረዋል፣ ሲለመኑ አይሰሙም ነው የሚለው። በደሉ ሥራ ማቋረጡ ነው። ሻምፖልዮን ቁልፉን ያገኘበት የሮዜታ ድንጋይስ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 ካህናት ሜምፊስ ላይ ተሰብስበው ለወጣቱ ንጉሥ ለአምስተኛው ፕቶሌሚ ያወጡት ውሳኔ ነው። ለቤተ መቅደሶች ግብር እንደተማረ፣ ውዝፍ እንደተሰረዘ፣ የንጉሡ ምስል በየቤተ መቅደሱ ቆሞ እንዲገለገል ይናገራል። አውሮፓ ለዘመናት ጆሮዋን አቅንታ የጠበቀችው ድምፅ ሲከፈት የተሰማው ይህ ነው። እኔ አያሳዝነኝም፤ ካህናት ስለ ግብር ሲከራከሩ እውነተኛውን ሃይማኖት ከነአጥንቱ እናያለን።

ሰሎሜ፦ እዚህ ላይ አልከተልዎትም። የግብጽን ካህናት የግምጃ ቤት ሹሞች አደረጓቸው። ውስጠኛው ክፍል ለሕዝብ ዝግ ነበር፤ ያ ምስጢር ካልሆነ ምንድን ነው? የሙታን መጽሐፍ ራሱ አንዳንድ ክፍሎቹን ለማንም አታሳይ ብሎ ያስጠነቅቃል። በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የተጻፈ፣ ዛሬ ላይደን የሚገኝ ፓፒረስ አለ፤ አሙን ከአማልክትም ሳይቀር የተሰወረ ነው፣ አማልክት ሁሉ አሙን፣ ሬ እና ፕታህ የተባሉ ሦስት ናቸው ይላል። ይህ መጥረጊያ የያዘ ሰው ሐሳብ አይደለም፣ ነገረ መለኮት ነው። ከዚያም ኤስና ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ አንዱ መዝሙር ከሞላ ጎደል በበግ ምስል ብቻ፣ ሌላው በአዞ ምስል ብቻ የተጻፈ አለ። ያ ሰምና ወርቅ ካልሆነ እኔ ቅኔ ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። ካዞቦንም ቢሆን ግማሹን ነው ያየው። በ1945 ናግ ሐማዲ ላይ ከተገኙት የቅብጥ መጻሕፍት መካከል የሄርሜስ ድርሳናት አሉ፤ አንዱ ትምህርቱ በሂየሮግሊፍ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ በቤተ መቅደስ እንዲቀመጥ ያዝዛል። በ2005 ደግሞ በግብጻውያኑ በራሳቸው በዴሞቲክ ጽሕፈት የተጻፈ፣ አንድ አምላክ ዕውቀትን ከሚወድ ደቀ መዝሙር ጋር የሚነጋገርበት መጽሐፍ ታትሟል። አውሮፓ ወርቁን ከኪሷ አላወጣችም፤ ግብጻውያን ናቸው የሰጧት።

ጋሽ መኮንን፦ ከባዱ መከራከሪያ ይህ ነው፤ የእኔንም ክርክር የሚያስተካክለው እርሱ ነው። መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዪልኝ። የተዘጋ ክፍል መኖር የተሰወረ ትምህርት መኖር አይደለም። ውስጥ የማይገባው ሰው ውስጥ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ሰው እየታጠበ፣ እየተላጨ፣ ተራው ደርሶ ይገባል። የተከለከለው መቅረብ ነው፤ ማወቅ አልተከለከለም። የላይደኑ ፓፒረስም አምላኩ ስውር ነው የሚለው በምስጋና መዝሙር ነው። አምላኩ ባሕርዩ ጥልቅ ነው ማለትና እኛ የምናውቀውን አንነግራችሁም ማለት የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያውን በየትኛውም ሃይማኖት ታገኚዋለሽ።

ሁለተኛው ግን ያልሽው እውነት ነው፤ የሰጧት እነርሱ ናቸው። ጥያቄው የትኞቹ ግብጻውያን፣ መቼ የሚለው ነው። የጠራሽልኝን ማስረጃ በዘመን ደርድሪው። የኤስና መዝሙሮች የተቀረጹት በሮማውያን ዘመን ነው። የጥንቱ ጽሕፈት ከሺህ በማይበልጥ ምልክት ይሠራ የነበረው፣ በፕቶሌሚዎችና በሮማውያን ዘመን ምልክቱ ወደ ብዙ ሺህ የበዛው በቤተ መቅደስ ውስጥ ብቻ ነው፤ በውጭ የመንግሥቱ ቋንቋ ግሪክኛ ሆኗል። የዴሞቲኩ መጽሐፍ ቅጂዎችም ከዚያው ዘመን ናቸው። ሄሮዶቱስ ግብጽን ያየው ፋርሶች በሚገዙበት ዘመን ነው፤ የቴብስ ካህናት በአባትና ልጅ የተከታተሉ የ345 ሊቃነ ካህናት ምስል አሳይተው የግሪኮችን የዘር ቆጠራ እንዳልተቀበሉ ይተርካል። የፕላቶን የሳይስ ካህንም ሶሎንን እናንተ ግሪኮች ሁልጊዜ ልጆች ናችሁ ይለዋል፤ ወሬው የፕላቶን ፈጠራ ቢሆን እንኳ የተቀዳው ከዚህ ዓይነት ካህን ነው። መንግሥቱን፣ ሠራዊቱን፣ ግምጃ ቤቱን የተነጠቀ ወገን የሚቀረው ምንድን ነው? ጥንታዊነትና ምስጢር። ለገዢው የሚነግረው፣ አንተ የማታውቀውን አውቃለሁ ነው። ፕሉታርክ በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ስለ ኢሲስና ኦሲሪስ ሲጽፍ የሰማው ይህን ድምፅ ነው፤ የኦሲሪስን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትረካ የምናገኘው ከግብጻዊ እጅ ሳይሆን ከእርሱ መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። አፑሌዩስ በላቲን የኢሲስን ጥምቀተ ምስጢር የሚተርክ ልብ ወለድ ሲጽፍም እንዲሁ። ያምብሊኮስ የተባለው ሶርያዊ ፈላስፋ ደግሞ በግብጻዊ ካህን ስም ጭንብል ለብሶ ጻፈ። እንግዲህ የመጀመሪያ ቃሌን ላርመው፦ ምዕራቡ የወረሰው ምንም ያልነበረ ነገር አይደለም። የ3,000 ዓመት ሃይማኖት በመጨረሻ ዘመኑ፣ በባዕዳን ፊት ቆሞ ለመከበር ሲል ስለ ራሱ የተናገረውን ነው የወረሰው። ሥራውን ትቶ መከላከያ ንግግሩን ወረሰ።

ሰሎሜ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ ሆራፖሎም የሚመሰክረው ያንን ነው። የጥንብ አንሣ ምስል እናት ማለት ነው ይላል፤ ልክ ነው። ምክንያቱን ሲጠይቁት ግን በጥንብ አንሣ ዘር ወንድ የለም ይላል። መልሱ ከግብጽ ደርሶታል፣ ምክንያቱ ግን በመንገድ ላይ ተሠርቷል። የሚቀረኝ ሌላ ነው። መከላከያ ንግግር በየሀገሩ አለ፤ የባቢሎን ካህናትም ስለ ጥንታዊነታቸው ተናግረዋል። ለምን የግብጹ ብቻ ይህን ያህል ተያዘ?

ጋሽ መኮንን፦ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሁለት ግብጽ ስላለ ነው። አንዷ የባርነት ቤት ናት። ሁለተኛዋ ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚጠቅሳት፣ ሙሴ ጥበቧን ሁሉ የተማረባት ናት። ባቢሎን ስለ ሙሴ እንዲህ ያለ ምስክር የላትም። ከቤተ ክርስቲያን ጋር መጣላት ሳይፈልግ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምረው በፊት የነበረ ጥበብ ለሚፈልግ አውሮፓዊ ያ አንድ አንቀጽ በር ነው። በ1685 ጆን ስፔንሰር የተባለ እንግሊዛዊ የነገረ መለኮት ሊቅ የኦሪት ሥርዓቶች ብዙዎቹ ከግብጽ ጋር ተያይዘው የመጡ ናቸው ብሎ በላቲን ጻፈ፤ እርሱ ካህን ነው፣ ሃይማኖትን ማፍረስ ዓላማው አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1788፣ ራይንሆልድ የተባለ ኦስትሪያዊ ፈላስፋ የዕብራውያንን ሃይማኖት የግብጽ ምስጢር ማኅበር ልጅ አደረገው፤ ሺለር በ1790 ተከተለው። ሙሴ ለጥቂቶች ብቻ ይነገር የነበረውን የአንድ አምላክ ትምህርት ሰርቆ ለሕዝብ የገለጠ ሰው ሆነ። በ1939 ፍሮይድ ሙሴ ራሱ ግብጻዊ፣ የአክናተን ተከታይ ነበር እስከ ማለት ደረሰ። ልብ በይ፣ የአክናተንን ስም ግብጻውያን ፍቀውት ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በቁፋሮ እስኪገኝ ድረስ አውሮፓ አታውቀውም። ማንም ያላስታወሰውን ሰው የትውስታ ሁሉ ምንጭ ማድረግ ድፍረት ነው። ያን አስማን የተባለው የግብጽ ጥናት ሊቅ በ1997 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ሰንሰለት ሲከተል፣ ሙሴ በእርግጥ ግብጻዊ ነበር ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ አውሮፓ ለምን ግብጻዊ እንዲሆን ፈለገች ብሎ ነው የጠየቀው። እኔም የምይዘው ይህን ጥያቄ ነው።

ሰሎሜ፦ ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛ የሚዞረውም ከዚያው ነዋ። ሆረስ በታኅሣሥ 25 ከድንግል ተወለደ፣ ክርስትና የግብጽ ቅጂ ነው የሚለው።

ጋሽ መኮንን፦ የዚህ ዋና አባት ጄራልድ ማሲ የተባለ እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው፤ የመጨረሻ መጽሐፉ በ1907 ወጣ። ማስረጃው ግን አይቆምም። ኢሲስ ሆረስን የፀነሰችው ከባሏ ከኦሲሪስ፣ ሬሳው ከተሰበሰበና ከተነሣ በኋላ ነው፤ የቤተ መቅደስ ቅርጾች ሳይቀሩ ያሳዩታል። ፕሉታርክ ሕፃኑ ሆረስ በክረምቱ የፀሐይ መመለሻ ገደማ ተወለደ ይላል፤ እርሱም ግሪካዊ ነው፣ ዘመኑም ከወንጌላት ወዲህ። ኢሲስ ሕፃን ስታጠባ የሚያሳየው ምስል በግብጽ ገዳማት ለሚገኘው እመቤታችን ስታጠባ ለሚያሳየው ሥዕል መነሻ ሆኗል ወይ የሚለው ግን ሊቃውንት የሚከራከሩበት ነው፤ ሊሆን ይችላል። የአሣሣል ወግ መውሰድና የእምነት ቅጂ መሆን ግን አንድ አይደሉም።

ሰሎሜ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ አያድንዎትም። ሃይማኖትን ማን ነው ሳይለውጥ የወረሰው? ትውስታ ሁሉ ሥራ ነው፣ ሠሪው የሚፈልገውን ይጨምራል። ሞዛርት ባይሳሳት ያ ሙዚቃ የለም። ሌላም አለ፦ ግብጽ የአፍሪካ ናት፣ አውሮፓ ነጥቃን ነው ለሚሉ ብዙ አፍሪካውያንና ጥቁር አሜሪካውያን ይህ የጥንት ጥበብ ክብር ነው። እርስዎ ወርቁ የለም ሲሉ ከማን እጅ ነው የሚወስዱት?

ጋሽ መኮንን፦ ከማንም አልወስድም። ሞዛርት ይሳሳት፤ ሙዚቃው ስለ ቪየና ምስክር ነው፣ ስለ ቴብስ አይደለም። የምቃወመው ትውስታው ስለ ግብጽ ምስክር ሆኖ ሲጠራ ነው። ስለ አፍሪካ ያልሽው ላይ ግን እጨምራለሁ። ግብጽን ወደ አፍሪካ ለመመለስ የሄርሜስን ድርሳናት የሚያነሣ ሰው፣ ከግብጽ ሁሉ ግሪክኛ የሚናገረውን ክፍል መርጦ ነው ያነሣው። ከዚያ የሚሻል ማስረጃ አለ። የኩሽ ንጉሥ ፒያ በ8ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሱዳን ተነሥቶ ግብጽን ሲይዝ ጄበል ባርካል ላይ ያስቆመው ድንጋይ በ1862 ተገኝቷል። ሊገብሩለት ከመጡት ነገሥታት ሦስቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ አላስገባቸውም፤ ያልተገረዙና ዓሣ በላተኞች ናቸው ብሎ። በየደረሰበት ከተማ ለአማልክት መባ ያቀርባል፣ ይታጠባል፣ ያጥናል። የግብጽን ሃይማኖት ከግብጻውያን አጥብቆ የያዘው ይህ ኩሻዊ ነው፤ የያዘውም ሥራውን ነው። በአስዋን አጠገብ ያለችው የፊሌ ደሴት ቤተ መቅደስም ግብጽ ክርስቲያን ከሆነች በኋላ እስከ 6ኛው መቶ ዘመን፣ ቄሣር ዩስጢንያኖስ እስኪዘጋው ድረስ፣ የቆየው ከደቡብ የሚመጡት ኖባውያንና ብሌምያውያን ስለሚሳለሙት ነው። እዚህ ውስጥ ምንም ምስጢር የለም፤ መንገድ፣ መባና ስእለት ነው።

ሰሎሜ፦ ፊሌን ካነሡ የመጨረሻው ሂየሮግሊፍ የተቀረጸው እዚያ ነው። ኦገስት 24 ቀን 394።

ጋሽ መኮንን፦ ቀኑን እኛ እንለውጠው። ጽሑፉ ራሱ ቀኑን የሚጠራው የኦሲሪስ ልደት ብሎ ነው። የግብጽ ዓመት 12 ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ በመጨረሻ 5 ትርፍ ቀን ነው፤ አምስቱ ቀናት የኦሲሪስ፣ የሆረስ፣ የሴዝ፣ የኢሲስና የኔፍቲስ ልደት ናቸው። የመጀመሪያው፣ የኦሲሪስ ልደት፣ ጳጉሜን 1 ነው። ዓመቱን ደግሞ ከሮማዊው ቄሣር ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥና 110ኛ ይለዋል፤ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ዓመተ ሰማዕታት ብላ የምትቆጥረው ያንኑ ቁጥር ነው። በየአራት ዓመቱ የሚጨመረውን 6ኛ ቀን ያሰቡት እነዚያው ካህናት ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ካኖፑስ ላይ ተሰብስበው ወሰኑ። ውሳኔው የተጻፈበትን ድንጋይ ሌፕሲየስ በ1866 ሲያገኘው የሻምፖልዮን ንባብ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠበት። በጊዜው ማንም አልተከተለውም፣ ሥራ ላይ ያዋለው በኋላ የመጣው አውግስጦስ ነው። ከእስክንድርያ ወደ ቅብጥ፣ ከቅብጥ ወደ እኛ ባሕረ ሐሳብ የመጣው ያ አቆጣጠር ነው።

ሰሎሜ፦ እሺ፤ ነገር ግን ይህን ቅርስ ማለት ይቻላል? ጳጉሜን ጠበል የሚገባ ሰው ኦሲሪስን አያስብም፤ ቢነግሩት ይቆጣል። አማልክቱ ወጥተው ቁጥሩ ብቻ ነው የቀረው። በእርስዎ ሚዛን ሮም የትምህርት ጥላ ወረሰች፤ እኛስ ባዶ ሳጥን አልወረስንም?

ጋሽ መኮንን፦ አልወረስንም፤ ሳጥኑ ባዶ ስለሆነ አይደለም የተላለፈው፣ ስለሚሠራ ነው። የእስክንድርያ አባቶች ፋሲካን ማውጣት ነበረባቸው፤ እጃቸው ላይ የነበረው የተሻለ መሣሪያ ይህ ነው፣ ያዙት። በ394 ፊሌ ላይ አንድ ካህን ያንን ጽሑፍ ሲቀርጽ፣ የእስክንድርያ ዲያቆን ቀኑን ቢጠየቅ የሚሰጠው ወርና ቀን አንድ ነው።

ሰሎሜ፦ ዲያቆኑ ግን የማን ልደት እንደሆነ አይናገርም።

ጋሽ መኮንን፦ አይናገርም። በ391 የእስክንድርያው የሰራጲስ ቤተ መቅደስ መፍረሱን ያውቃልና፣ የማን ልደት እንደሆነ ቢያውቅም ዝም ይላል። ስለ ልደቱ ዝም አለ፣ ቀኑን ግን ቆጠረ። እኔ በየትኛው በኩል ብዙ ግብጽ እንዳለ ስትጠይቂኝ፣ ሮም አደባባይ ካለው ሐውልት ይልቅ ወደ ዲያቆኑ ቆጠራ አዘነብላለሁ።

ሰሎሜ፦ እኔ ገና አላዘነበልኩም። ለማዘንበል አንድ ነገር ሊያሳዩኝ ይገባል፦ ኢሲስን ሲያገለግሉ ከነበሩት ቤተሰቦች ልጆቻቸው ዲያቆናት የሆኑ እንዳሉ። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ ቅርስ ነው እላለሁ፤ ቀመሩን ብቻ ከመዝገብ ቀድተው ከሆነ ግን እነርሱም እንደ ኪርኸር ከጽሑፍ የወረሱ ናቸው፣ ልዩነቱ በትክክል ማንበባቸው ብቻ ነው።